ደሞዝተኛ የሚችለው የአደን ጉዞ



ዛሬ እዚህ ሁሩታ ላይ የምናገረው ስለ አደን ነው። አደን ሲባል አንዳንዶቻችሁ የጥንቱ ፉከራና ቀረርቶ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሕግ መጣስ ትዝ ሊላችሁ ይችላል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ገንዘብ ልነግራችሁ ነው። አንድ ተራ ሰው ከሚኖርበት ቀዬ ወጥቶ፣ ሳይበደርና ቤተሰቡን ሳያስርብ፣ በአቅሙ ከዱር አውሬ ፊት ለመቆም ምን ያህል ያወጣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በእኔ እምነት ግን በአርሲ ተራሮች ላይ የቀረው አጋዘን መትረፉም መጥፋቱም በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሏል።

አስቀድሜ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። አሜሪካ ውስጥ የዱር ተርኪ የሚሉት ትልቅ ወፍ አለ። ወንዱ ስምንትና ዘጠኝ ኪሎ ይደርሳል። ራሱና አንገቱ ላባ የለውም፤ ሲቆጣና ሴት ሲፈልግ ቆዳው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። ከደረቱ ላይ ጥቁር ጺም ይንጠለጠላል። ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ገና ከቅርንጫፉ ሳይወርድ ይጮኻል። አዳኙ በጨለማ ገብቶ፣ ጀርባውን ለትልቅ ግንድ ሰጥቶ ይቀመጥና የሴቷን ድምፅ እያስመሰለ ይጠራዋል። ተርኪ ዓይኑ እጅግ የሰላ ነው፤ አዳኙ ጣቱን እንኳ ካንቀሳቀሰ ያየዋል፣ ካየው ደግሞ አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ አዳኝ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህን አደን የሚያድነው ማነው? ጌታ ነው ካላችሁ አይደለም። የመኪና ጠጋኝ ነው፣ መምህር ነው፣ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከእኛው ከአርሲ የሄዱ ብዙ ልጆች በፋብሪካና በመጋዘን ይሠራሉ፤ እንበልና ከእነሱ የአንዱ የሥራ ባልደረባ ወደ ሌላ ስቴት፣ ወደ ነብራስካ ሄዶ ተርኪ ማደን አማረው። ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ኋላ ለራሳችን ጉዞ ይጠቅመናልና።

ዕቅዱ የሚጀምረው በእነሱ የብርድ ወቅት፣ ከአደኑ ወራት በፊት ነው። የአደን ደኅንነት ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ ይጠበቅበት ይሆናል። ከዚያ የሚሄድበትን ስቴት ደንብ ያነባል፤ ወቅቱ መቼ ይከፈታል፣ በየትኛው መሣሪያ ይፈቀዳል፣ ለውጭ ሰው ስንት ፈቃድ ይሸጣል። ነብራስካ ለውጭ ሰው የምትሸጠውን ፈቃድ በቁጥር ስለወሰነች ዘግይቶ የመጣ አያገኝም። በብዙዎቹ ስቴቶች ለእንግዳ አዳኝ የተርኪ ፈቃድ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ዶላር ቢደርስ ነው፤ ለነዋሪው ደግሞ ከዚያም በብዙ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ቦታ ይመርጣል። ገንዘብ የሚበላውም የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። አስጎብኚ ቀጥሮ በግል እርሻ ላይ ቢያድን ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል። የሕዝብ መሬት ላይ ቢያድን ግን ለመሬቱ አይከፍልም። ብሔራዊ ደኖች አሉ፤ ስቴቱ ከገበሬ ተከራይቶ ለአዳኝ ክፍት ያደረገው መሬትም አለ። ካርታውን በስልኩ ይዞ ውኃው የት እንደሆነ፣ ትልልቅ ዛፎች የት እንዳሉ፣ መኪና የማይደርስበት ሸለቆ የትኛው እንደሆነ ቤቱ ሆኖ ያጠናል። በመክፈቻው ሳምንት ሁሉም ስለሚጎርፍ፣ ብልኅ የሆነው ወደ ወቅቱ መጨረሻ ይሄዳል። ሦስት አራት ሆነው በአንድ መኪና ይሄዳሉ፤ ነዳጁን ይካፈላሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ፤ ምግባቸውን ከቤት ይዘው ራሳቸው ያበስላሉ። ጠቅላላ ወጪው ከአንድ ሳምንት ደሞዝ ብዙም አይርቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዕቅድ ያላቸውን ክብር ያሳያልና። ተርኪ አዳኝ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ፣ ካልሲም ቢሆን፣ አይለብስም። የወፉ ራስ ቀለም ስለሆነ ሌላ አዳኝ ከቁጥቋጦ ውስጥ አይቶት በስሕተት ሊተኩስበት ይችላል። ሰው በዚህ ምክንያት ሞቷል። ስለዚህ ሻንጣ ሲዘጋጅ ካልሲ ሳይቀር ይፈተሻል።

ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ይህ ወፍ ከመቶ ዓመት በፊት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ደኑ ተመነጠረ፤ ለገበያ የሚገድሉ ሰዎች በጋሪ እየጫኑ ሸጡት፤ ከብዙ ስቴቶች ዘሩ ጨርሶ ጠፋ። ዛሬ ግን ቁጥሩ ወደ ስድስት ሚሊዮን ይገመታል። ማን መለሰው? በአብዛኛው የተራው አዳኝ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ሕግ ወጣ፤ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው የአሥራ አንድ በመቶ ቀረጥ ተሰብስቦ ለዱር እንስሳት ሥራ ለየስቴቱ ይከፋፈል የሚል ነው። ስቴቱ ድርሻውን የሚያገኘው ከአደን ፈቃድ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ካላዋለ ብቻ ነው። መንገድ ልሥራበት፣ ለሌላ በጀት ላውለው ካለ ድርሻውን ያጣል። በዚያ ገንዘብ ባለሙያዎች ወፎቹ በተረፉበት ደን ለምግብ ሲሰበሰቡ በመድፍ የሚወነጨፍ መረብ እየጣሉባቸው ያዟቸው፤ በሣጥን አድርገውም ወደ ጠፉበት አገር ወሰዷቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ አዳኞቹ ራሳቸው የተርኪ ማኅበር አቋቋሙ። ፈቃዱን ለመግዛት የሚችለው ሰው ብዙ ስለነበር ገንዘቡም ብዙ ሆነ፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ሲጠፋ የሚጮህለት ሰው በዛ።

አሁን ወደ አገራችን።

ከመካከላችሁ ጠና ያላችሁት አሥር ሳንቲሙን ታስታውሳላችሁ። በላዩ ላይ ያለው ባለ ቀንድ አውሬ የደጋ አጋዘን ነው፤ ኒያላ የምንለው። ስሙን በኢንሹራንስ ኩባንያ፣ በመኪና አስመጪ፣ በሲጋራ ፓኮ ላይ እናውቀዋለን። ሕፃን ሆነን ከረሜላ የገዛንበት ሳንቲም ነው። በዓይናችን ያየነው ግን ስንቶቻችን ነን? እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጅ ብታወጡ ብዙ እጅ አይነሣም ብዬ አምናለሁ። ይህ አውሬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር፣ በኢትዮጵያም ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት ደጋዎች በቀር የትም የለም። የአርሲና የባሌ ተራሮች ቤቱ ናቸው። የሳይንስ ዓለም እንኳ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሜጀር አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በዚሁ በአርሲ ደጋ አንድ ገድሎ ወሰደ፤ በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው ሊቅ አዲስ ዝርያ መሆኑን መሰከረ፤ ሳይንሳዊ ስሙም እስከ ዛሬ የገዳዩን ስም ይዞ ቀረ። አባቶቻችን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን አብረውት እንደኖሩ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ወዲህ ይህ አጋዘን የሀብታም የውጭ አዳኝ ምኞት ሆኖ ኖሯል። በሕጋችን፣ ማለትም በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና በደንብ ቁጥር 163/2000፣ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ፈቃድ ያለው ግን ቁጥጥር በሚካሄድባቸው የአደን ቀበሌዎች ማደን ይችላል። እኛ ዞን ውስጥ አርባ ጉጉ አለ፤ ሙኔሳ ኩኬም የታወቀ የአደን ቀበሌ ነው፤ ወደ ባሌ ሲሻገሩ ሃንቶና ኦዶ ቡሉ አሉ። በየዓመቱ ኮታ ይወጣል፤ የሚገደለው ወንድ ብቻ ነው፤ የመንግሥት ስካውት አብሮ ይሄዳል። ለአንድ ወንድ አጋዘን ብቻ የሚከፈለው ዋጋ 15,000 ዶላር ድረስ ደርሷል። የአደን ድርጅቱ፣ የድንኳኑ፣ የመኪናውና የሳምንታቱ ወጪ ሲጨመር ደግሞ ሒሳቡ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

እኔ የስፖርት አደን ጠላት አይደለሁም። ኮታው በጥንቃቄ ከወጣና ዘሩን ጥሎ ያረጀ ወንድ ብቻ ከተገደለ፣ ገንዘቡም ደኑን ከጠበቀ፣ ደን ከመመንጠር የተሻለ ነው። የአደን ቀበሌ የሆኑ ደኖች ከሌሎቹ ተሽለው የቆሙበት ቦታም አለ። ግን ከተርኪው ጋር አስተያዩት። እዚያ ወፉ በሚሊዮን የሚቆጠር ወዳጅ አለው፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከፍሏል፣ ሁሉም አይቶታል። እዚህ አጋዘኑን በሕጋዊ መንገድ የሚቀርበው በዓመት ጥቂት የውጭ ሰው ነው። ሌላው የሚቀርበው በሌሊት፣ በውሻና በጦር፣ ተደብቆ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊው ሕዝብ፣ እናንተና እኔ፣ የቆምንበት ቦታ የለም።

ይህ ባዶ ቦታ ምን እንደሚያስከትል በ1983 ዓ.ም. ታይቷል። መንግሥት ሲወድቅ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጠባቂ አጣ፤ ቤቶቹ ተዘረፉ፤ በዲንሾ አጠገብ በጋይሳይ ሜዳ ላይ በመቶዎች ሆነው ይታዩ የነበሩት አጋዘኖች ተጨፈጨፉ። እጅግ ጥቂት ቀሩ። ጥይቱን የተኮሰው ክፉ ስለነበር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ አውሬው የመንግሥት ነው ተብሎ ስለኖረ መንግሥት ሲሄድ የማንም ሆነ። በኋላ ጥበቃው ሲመለስ ቁጥራቸው መልሶ አገገመ፤ እዚያው ሜዳ ላይ ዛሬ ይታያሉ። ዝርያው በጠቅላላ ግን በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ከአደጋም አልወጣም።

የእኛን ድርሻም ሳልጠቅስ አላልፍም። እኛ የስንዴ አገር ሰዎች ነን። በ1960 ዓ.ም. ግድም ካዱ፣ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ከስዊድን መንግሥት ጋር ሥራ ሲጀምር ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ትራክተሩ ወደ ኢተያና ወደ ሁሩታ ሜዳ ገባ። ምርቱ በዛ፤ የኩሉምሳ የምርምር ማዕከል ስም እስከ ዛሬ ከስንዴ ጋር አብሮ ይነሣል። የአገሪቱን ዳቦ የሚጋግረው የእኛ ማሳ ነውና ልንኮራበት ይገባል። ነገር ግን ማሳው በየዓመቱ ወደ ተራራው ወጥቷል። ገብሱ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እየገፋ፣ ከብቱ የጋላማን ተራራ ሣር እየጋጠ፣ አጋዘኑ ቀን ቀን በአስታው ጥሻ ተሸሽጎ ሌሊት ብቻ የሚወጣ ስደተኛ ሆነ። ከጭላሎና ከጋላማ ጫፍ ላይ ዛሬም ጥቂት አሉ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ቀና ብላችሁ በምታዩት ጋራ ላይ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አጋዘኑን በርካሽ ፈቃድ እናድነው አልልም። ቁጥሩ አይፈቅድም፤ እንዲህ የሚል ቢኖር ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። ስለ ጅግራና ቆቅ ግን ሌላ አሳብ አለኝ። በዴራ ቆላ ጅግራው አለ፤ ገበሬው እህሌን ጫረብኝ ብሎ በወጥመድ ይይዘዋል፤ ተደብቆም ይበላዋል። ሆኖም አንድ የሁሩታ ሰው በትንሽ ብር የጅግራ ፈቃድ የሚገዛበት፣ ወቅቱና ቁጥሩ የተወሰነበት፣ ገንዘቡም ለዚያው ቁጥቋጦ ጥበቃ የሚውልበት መስኮት በከተማችን የለም። ቢኖር የተርኪውን ታሪክ በትንሹ የምንጀምርበት ይመስለኛል። ይህን የሚመለከታቸው የመንግሥት ሰዎች እዚህ ካሉ ቢያስቡበት እወዳለሁ። ከአርባ ጉጉና ከሙኔሳ የሚገባው የአደን ገቢም ለየትኛው ቀበሌ ስንት እንደደረሰ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ በእጃችን ያለ አንድ አደን አለ፤ በዓይን ማደን ነው። ጥበቡ ከተርኪ አዳኙ ጥበብ ጋር አንድ ነው፤ በጨለማ መነሣት፣ ነፋሱን ማወቅ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ባዶ እጅ መመለስን መቻል። ወጪውም እንደዚያው በዕቅድ ይቀንሳል። እንግዲህ የእኛን ጉዞ እናቅድ።

ለጀማሪ የምመክረው ሩቁን አይደለም። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሚባለው ውስጥ አንዱ ክፍል ዴራ ድልፈቀር ነው፤ ከደጃችን ነው። የቆላ አጋዘን የሚኖርበት የግራር ቁጥቋጦ ነው፤ ጅግራና ሌላ ወፍ ሞልቶታል። ጠዋት ተሂዶ ማታ የሚገባበት ስለሆነ የመኝታ ወጪ የለውም። ልጆች በዚያ ዝም ብሎ መቀመጥን ይልመዱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያወራ መቀመጥ ያልቻለ ልጅ ዲንሾ ቢሄድ ገንዘቡን ነው የሚያባክነው።

ትልቁ ጉዞ የደጋውን አጋዘን ለማየት ወደ ዲንሾ፣ ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ ነው። መንገዱ ከአሰላ በሳጉሬ፣ በበቆጂ፣ በመራሮና በአሳሳ አድርጎ ዶዶላ ይገባል፤ ከዚያ በአዳባ ወደ ዲንሾ ይወጣል። በቆጂ የእነ ደራርቱ፣ የእነ ቀነኒሳና የእነ ጥሩነሽ አገር ናት፤ ተማሪዎች ካላችሁ የሩጫውን ሜዳ ሳታዩ አትለፉ። በሕዝብ ትራንስፖርት ከከተማ ከተማ እየተቀያየሩ መሄድ ይቻላል፤ ከሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ሰው ከሞላ ግን አንድ ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ይሻላል፤ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ጊዜ ያተርፋል፣ ጎሕ ሳይቀድ ከመኝታ ወደ ሜዳው ያደርሳል። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ግዴታ ነው፤ አሳሳና አዳባ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ይደውል። እንዲህ ባለው ነገር የሚያፍር አስተባባሪ ሰው ይዞ መሄድ የለበትም።

ጊዜውን በሚገባ ምረጡ። ክረምቱ ጭቃና ጉም ነው፤ አውሬው ቢኖርም አይታይም። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ለመምህርና ለተማሪ የሚመቸው የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነው። የጥምቀት ሰሞን መኪና አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለሚኖር ረመዳንና ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገቡ አይታችሁ ቀን ቁረጡ፤ በአንድ ማዕድ መብላት የጉዞው ግማሽ ነው።

ስንቁ ከቤት ይሁን። ጭኮ ከጉዞ ስንቅ ሁሉ በላጭ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ለሳምንት አይበላሽም፤ ጥቂቱም ብርድ ላይ የቆመ ሰው ያጠግባል። ለጾመኛ በሶና ቆሎ ይያዝ። ዳቦው አሰላ ሳይሆን ሁሩታ ይገዛ፤ መንገድ ላይ የምትገዙት ነገር ሁሉ የጉዞውን ዋጋ ሳይታወቃችሁ እጥፍ ያደርገዋል። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጋቢ አይበቃም፣ ቡሉኮ ወይም ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል። ልብሱ የአቧራ መልክ ያለው፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይሁን። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ያበራልና ጠዋት ሜዳ ላይ አይለበስ። ባይናኩላር ለሁሉም መግዛት አያስፈልግም፤ ለአራት ሰው አንድ ይበቃል፤ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው ካሥራ ሁለቱ ይሻላል፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ አሥራ ሁለቱን አይችለውምና።

እዚያ ስትደርሱ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ነው። የመግቢያ ዋጋው ለአገር ዜጋ ከውጭ ዜጋው በብዙ ያነሰ ነው፤ መታወቂያ ያዙ። የአካባቢውን አስጎብኚ ያለ ክርክር ቅጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በቡድን ስለሆነ ለነፍስ ወከፍ ትንሽ ናት። ያቺ ትንሽ ብር ደግሞ ተርኪ አዳኙ ለፈቃድ የከፈላት ማለት ናት፤ የዲንሾ ልጅ አጋዘኑ በሕይወት ሳለ እንጀራ እንደሚያበላው የሚያውቀው በእሷ ነው። በ1990ዎቹ ከአዳባና ከዶዶላ በላይ ባለው ደን፣ በጀርመኖች እርዳታ፣ ነዋሪው ደኑን በማኅበር ሊጠብቅ ተዋውሎ ለእንግዳ ፈረስ ያከራይ፣ ይመራም ነበር። የፈረሱ ኪራይ ከፈረሱ ባለቤት ኪስ ይገባ ነበር። ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ትምህርት የሰጠው ያ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ዳር ሁኑ። ጋይሳይ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ዋናው የመኪና መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ነፋሱ ከአውሬዎቹ ወደ እናንተ እንዲነፍስ ሆናችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ የምታዩት ከርከሮ ይሆናል፣ ወይም ሚዳቋ። ከዚያ ከሣሩ በላይ ጆሮ ብቻ ይታያል። የአጋዘኑ ሴቶችና ግልገሎች ናቸው፤ ቀንድ የላቸውም፤ ጆሯቸው ሰፊ፣ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ወንዱ ኋላ ይመጣል። ክብደቱ ከሁለት ኩንታል ያልፋል። ቡናማ ወደ ግራጫ ያደላ ነው፤ ከዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ጥለት አለው። ቀንዱ ወደ ላይ እየተጠመዘዘ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይነጣል፤ ከሜትር የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ሲጠራጠር እግሩን አንሥቶ ይቆማል፤ ከደነገጠ እንደ ውሻ አንድ ጊዜ ይጮህና መንጋው ሁሉ ይነሣል። ያን ጊዜ ማንም አይነሣ፣ ማንም ስልኩን አያውጣ። ካልተከተላችኋቸው ሩቅ አይሄዱም።

ሜዳው ላይ ዕድል ካልቀናችሁ ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ካለው የጥድና የኮሶ ደን ግቡ፤ እዚያ ሰው የለመዱ አጋዘኖች አሉ፤ በእግር እየሄዳችሁ በቅርብ ታዩአቸዋላችሁ። የምኒልክ ድኩላም እዚያው ነው። ገንዘብ የተረፈው ከሮቤና ከጎባ አልፎ ወደ ሳነቴ አምባ ይውጣና ቀይ ቀበሮን ይይ፤ ያ ግን መኪና ይፈልጋል፣ ወጪውም ያድጋል። ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከእንግዲህ የውጭ ሰው መብዛቱ አይቀርም፣ ዋጋም መወደዱ አይቀርም። እኛ ጎረቤቶቹ ቀድመን መሄድ ይገባናል።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹ ያዩትን ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ግልገል። ግልገል ስንት ነው የሚለው ከሁሉ ይበልጣል፤ መንጋው እያደገ ይሁን እየጠፋ የሚታወቀው በእሱ ነው። በየዓመቱ በዚያው ወር የሚሄድ አንድ የትምህርት ቤት ክበብ ያለው መዝገብ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለፓርኩ ባለሙያ እውነተኛ መረጃ ይሆናል። ከዚያም ያ ልጅ ጋላማ ላይ ከብት ሲጠብቅ በአስታው ውስጥ የእግር ዱካ ካየ፣ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለማን እንደሚናገርም ያውቃል።

የገንዘቡን ነገር እንዲህ እናድርገው። መሄድ የሚፈልግ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያስቀምጥ፤ እንደ ዕቁብ አንድ ሰብሳቢና አንድ ጸሐፊ ይመረጥ፤ ደረሰኝ ይቆረጥ። አቅም የሌለው ተማሪ ካለ የቡድኑ አባላት ተካፍለው ይውሰዱት፤ ሁለት ሦስት ልጅ መጨመር የሚኒባሱን ኪራይ አይቀይረውም። የድልፈቀሩ ጉዞ ግን ቁጠባ አይጠብቅም። ዝናቡ ሲያባራ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስንቅ ከየቤቱ ተይዞ ይሄዳል። ስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስልክ ቁጥራችሁንና ባይናኩላር ያላችሁ መሆኑን ጻፉ። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ።